«ጌት» ሲመጣ ቀጥሎ ያለውን ቃል እዩ፦ አስቸጋሪውን የእንግሊዝኛ ግስ የመፍቻ መመሪያ

«ጌት» የሚለውን ግስ ፍለጋ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ከበፊቱ ይልቅ ግራ ተጋብቶ ነው የሚዘጋው። ማግኘት፣ መቀበል፣ መግዛት፣ ማምጣት፣ መሆን፣ መድረስ፣ መረዳት፣ መያዝ፣ ማሠራት እያለ ገጹ ይሞላል። ይህን ዝርዝር መሸምደድ አያዋጣም፤ ግሱ ብቻውን የሚናገረው ነገር በጣም ጥቂት ነውና። ትርጉሙን የሚወስነው ከኋላው የሚከተለው ነው። ስለዚህ «ጌት» ስታዩ ወይም ስትሰሙ እሱን አልፋችሁ ቀጣዩን ቃል ያዙ። ስም ነው? ቅጽል ነው? ቦታ ነው? የሌላ ግስ ሦስተኛ ቅርጽ ነው? ወይስ እንደ «አፕ» እና «ኦቨር» ያለ ጭራ ቃል?

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ልማድ ቶሎ ፍሬ ይሰጣል። እንግሊዝኛ በ«ጌት» የሚያከናውነውን ብዙ ሥራ አማርኛ በግሱ ራስ ላይ በሚገባው «ተ» እና «አስ»፣ በጭራው ላይ በሚቀጠለው «ብኝ» እና «ልኝ» ያከናውነዋል። መሣሪያው እጃችን ላይ አለ፤ የቀረው የትኛው የት እንደሚገባ ማወቅ ነው።

ቅርጾቹን በአጭሩ እንያዝ። የአሁኑ «ጌት»፣ ኃላፊው በአሜሪካ አነጋገር «ጋት»፣ በብሪታንያ «ጎት» ነው፤ ሦስተኛው ቅርጽ አሜሪካ ውስጥ «ጋተን»፣ ብሪታንያ ውስጥ ያው «ጎት» ነው። እዚህ በአሜሪካው እንጽፋለን። «ጋተን»ን የአሜሪካውያን ብልሽት አድርጎ የሚያስተምር መምህር አይጠፋም። እንዲያውም የድሮው እሱ ነው፦ በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሔዋን ቃየንን ወልዳ «አገኘሁ» ስትል የገባው ቃል «ጋተን» ነው። ብሪታንያ ኋላ ጣለችው፤ አሜሪካ ያዘችው።

ስም ሲከተል

እዚህ ጋ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ነገሩ በምን መንገድ ነው እጁ የገባው? ከፍሎ ከሆነ ገዛ፤ ተልኮለት ከሆነ ደረሰው፤ ሄዶ ከሆነ አመጣ፤ ለፍቶ ከሆነ አገኘ። «አይ ጋት ኤ ሌተር» ደብዳቤ ደረሰኝ ነው። «አይ ጋት ሚልክ» ወተት ገዛሁ። «ጌት ሚ ኤ ቼር» ወንበር አምጣልኝ። በር ሲንኳኳ «ጌት ዘ ዶር» ካሏችሁ ሂዱና ክፈቱ፤ ስልክ ሲጮህ «ጌት ዘ ፎን» ካሏችሁ አንሡ። በሽታ ላይ ሲደርስ ደግሞ አማርኛ ባለቤቱን ይገለብጠዋል። «አይ ጋት ኤ ኮልድ» ጉንፋን ያዘኝ ይባላል እንጂ ጉንፋን አገኘሁ አይባልም።

ሰው ሲከተለው ትርጉሙን የሚወስነው ድምፁ ነው። ቢሮ ደውላችሁ «አይል ጌት ሂም» የምትል ጸሐፊ «ልጥራልዎት» ማለቷ ነው። ጠብ ላይ «አይል ጌት ዩ» ያለ ሰው ግን «ቆይ አገኝሃለሁ!» ብሎ እየዛተ ነው፤ በዚህስ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ሆኗል። ምግብ ቤት ሒሳብ ሲመጣ «አይቭ ጋት ዚስ» ያለ ሰው «በእኔ ነው» ማለቱ ነው፤ የኛን ግብግብ ከዚያ በኋላ መቀጠል የእናንተ ፋንታ ነው።

«አይ ጌት ኢት» ገባኝ ነው። «አይ ዲድንት ጌት ዛት» ግን ሁለት ፊት አለው፦ አልሰማሁም ወይም አልገባኝም። ሰውዬው እንዲህ ካላችሁ መጀመሪያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ያንኑ ድገሙት፤ አሁንም ካልተግባባችሁ ያን ጊዜ አገላለጹን ቀይሩ።

«አይቭ ጋት ኤ ካር» ደግሞ መኪና አለኝ ነው፤ ማግኘት የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። አሜሪካዊ «አይቭ ጋተን ኤ ካር» ሲል መኪና አግኝቻለሁ ወይም ገዝቻለሁ ማለቱ ነው። አንዷ «ተን» አለኝን ከአግኝቻለሁ የምትለይበት ቦታ ይህ ነው፤ ብሪታንያዊው «ጋተን» ስለማይል ልዩነቱን የሚያሳውቀው በዙሪያው ባለው ንግግር ነው።

ቅጽል ሲከተል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቅጽል ሲከተለው «ጌት» ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መሸጋገርን ይናገራል፤ «ኢዝ» እና «አም» ግን የደረሱበትን ሁኔታ ነው የሚናገሩት። አማርኛ ይህን ልዩነት በጊዜ አረባብ ስለሚያሳይ የምታውቁትን ልዩነት ብቻ አዛምዱ። ደክሞኛል «አይ አም ታየርድ» ነው። እየደከመኝ ነው «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ»፤ ደከመኝ «አይ ጋት ታየርድ»፤ ይደክመኛል «አይ ጌት ታየርድ»። ጨልሟል «ኢትስ ዳርክ»፤ እየጨለመ ነው «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ»።

አማርኛ ለእነዚህ ሁሉ የራሳቸው ግስ አለው፦ ጨለመ፣ ደከመ፣ ራበ፣ ረጠበ፣ ወፈረ፣ አረጀ። ከዚህ የተነሣ ጀማሪ ተማሪ ቅጽሉን ራሱን ግስ ሊያደርገው ይሞክርና «ዳርኪንግ» የሚል ቃል ይፈጥራል። መፍትሔው ሜካኒካዊ ነው ማለት ይቻላል፦ የአማርኛው ግስ ሁኔታ መለወጥን ካሳየ፣ «ጌት» አስቀምጡና ቅጽሉን ከኋላው አስከትሉ። ጌት ሃንግሪ፣ ጌት ዌት፣ ጌት ፋት፣ ጌት ኦልድ።

ስሕተቱ ዋጋ የሚያስከፍልበት ቦታ ሐኪም ቤት ነው። አሞኛል ለማለት «አይ ጌት ሲክ» ያለ ታካሚ «እየመላለሰ ያመኛል» ነው ያለው። ሐኪሙ «ሃው ኦፍን?» ብሎ በየስንት ጊዜው እንደሚያመው ሲጠይቀው ጥያቄው ከየት እንደመጣ አይገባውም፤ መዝገቡ ላይ ግን ተመላላሽ ሕመም ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ዛሬ አሞኝ ነው የመጣሁት ለማለት «አይ አም ሲክ» ይበቃል። ተሽሎኛል «አይ አም ቤተር»፣ እየተሻለኝ ነው «አይ አም ጌቲንግ ቤተር» ነው፤ መድኃኒቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው ውሳኔ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሊያድር ይችላል።

«ሆነ» ያላችሁበት ሁሉ ግን «ጌት» አይገባም። ሐኪም ሆነ ለማለት «ሂ ጋት ኤ ዳክተር» ብትሉ፣ የተከተለው ስም ስለሆነ የሚሰማው ሐኪም ጠራ ወይም ሐኪም አገኘ የሚል ነው። ለሙያና ለማዕረግ «ቢካም» ግድ ነው። ምግብ ሲበላሽ «ጎ ባድ»፣ ዓይን ሲጠፋ «ጎ ብላይንድ»፣ ራስ ሲመለጥ «ጎ ቦልድ» ይባላል፤ ቀለም ሲለወጥና ዕድሜ ሲሞላ ደግሞ «ተርን» ነው የሚገባው። እነዚህን እንደመጡ መያዝ ነው፤ የሚያድን ሕግ የላቸውም።

የግስ ሦስተኛ ቅርጽ ሲከተል፦ የ«ተ» ቤት

ጌት ፔይድ፣ ጌት ፋየርድ፣ ጌት ኸርት፣ ጌት ሮብድ፦ ተከፈለው፣ ተባረረ፣ ተጎዳ፣ ተዘረፈ። «ተ» ያለበት አማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ይገጥማል። ጥቂቶቹ ግን «ተ»ውን ይጥላሉ፦ ጌት ሎስት ጠፋ፣ ጌት ድረስድ ለበሰ፣ ጌት ሜሪድ አገባ። «ጌት ሎስት!» ትእዛዝ ሆኖ ሲመጣ ልክ እንደኛው «ጥፋ ከዚህ!» ስድብ ነው።

«ጌት ሜሪድ» የራሱ ወጥመድ አለው። እኛ ከእሷ ጋር ተጋባ ስለምንል «ዊዝ» እንጨምራለን፤ እንግሊዝኛው «ቱ» ነው የሚፈልገው። አግብታለች «ሺ ኢዝ ሜሪድ»፣ አምና አገባች «ሺ ጋት ሜሪድ ላስት ይር»። ቅጽ ላይ የጋብቻ ሁኔታ ሲጠየቅ የሚፈለገው የመጀመሪያው፣ ያላችሁበት ሁኔታ ነው።

ከሥራ መውጣትን የሚናገሩትን ሁለቱን ለይታችሁ ያዙ። «ጌት ፋየርድ» በሠራተኛው ጥፋት ወይም ድክመት መባረር ነው፤ «ጌት ሌይድ ኦፍ» ሥራ ስለቀነሰ ወይም ድርጅቱ ሰው ስለቀነሰ መሰናበት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሥራ አጥነት ክፍያ ስታመለክቱ የተሰናበታችሁበት ምክንያት ይጠየቃል፤ «ፋየርድ» ያለ ሰው ጥፋቱ ምን እንደሆነ ወደሚጣራበት መንገድ ይገባል፤ ስለዚህ በቅነሳ የወጣ ሰው «ሌይድ ኦፍ» ማለት አለበት። «ኦፍ»ን እንዳትውጧት ደግሞ አደራ፤ ያለ እሷ የቀረው ሐረግ ከአልጋ ጉዳይ ጋር የተያያዘ የብልግና ንግግር ነው።

ሌላም ነገር አለ። «ዋዝ አረስትድ» ታሰረ፣ «ጋት አረስትድ» ታሰረ፤ በአማርኛ አንድ ናቸው። በእንግሊዝኛው ግን ሁለተኛው አንዳንዴ «ራሱ ላይ አመጣው» የሚል ጥላ ያጠላል፤ አነጋገሩም የወዳጅ ጨዋታ ነው። ለስደት ጉዳይ የሚቀርብ ቃልና መሐላ ላይ «ዋዝ» እና «ወር» ጻፉ።

መካከል ላይ ዕቃ ወይም ሰው ሲገባ፦ የ«አስ» ቤት

«አይ ፊክስድ ማይ ካር» መኪናዬን እኔው ጠገንኩ ነው። «አይ ጋት ማይ ካር ፊክስድ» መኪናዬን አሠራሁ። ቅደም ተከተሉ ጌት፣ ዕቃው፣ የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ ነው፤ ከተዛባ ትርጉሙ ይፈርሳል። «አይ ጋት ማይ ሄር ካት» ጸጉሬን ተቆረጥኩ፤ «አይ ካት ማይ ሄር» መቀሱን ራሴ ይዤ ቆረጥኩ፤ «አይ ጋት ካት» ደግሞ ስለት ቆረጠኝ። ከፀጉር አስተካካይ መጥቶ ሦስተኛውን የተናገረ ሰው ፕላስተር ቢመጣለት አይግረመው።

ያው ቅርጽ ግን አንዳንዴ «አስ» ሳይሆን «ብኝ» ይሆናል። «አይ ጋት ማይ ፎን ስቶለን» ስልኬን አሰረቅሁ ማለት አይደለም፤ ስልኬ ተሰረቀብኝ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ባለቤቱ ድርጊቱን ፈልጎ ነበር? ከፈለገ «አስ»፣ ካልፈለገ «ተ» ከነ«ብኝ»። «ጌት ዘ ወርክ ደን» ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ማንም ይሥራው ማን፣ ሥራው ይጠናቀቅ ማለት ነው።

ሰው መካከል ሲገባ «ቱ» ይጨመራል። «አይ ጋት ሂም ቱ ሳይን» አስፈረምኩት። «አይ ሃድ ሂም ሳይን» አስፈረምኩት። «አይ ሜድ ሂም ሳይን» አስፈረምኩት። እዚህ ላይ ስስታሙ አማርኛ ነው፤ ሦስቱን በአንድ «አስ» ይጠቀልላቸዋል። በእንግሊዝኛው «ጋት» ሲሆን አግባብቶ ወይም ለፍቶ፣ «ሃድ» ሲሆን በሥራ ደንብ እንደተለመደው፣ «ሜድ» ሲሆን አስገድዶ ነው። ሰዋስዉም ይለያል፦ «ቱ» የሚቀበለው «ጋት» ብቻ ነው፤ «ሜድ ሂም ቱ ሳይን» በእኛ ሰዎች አፍ የተለመደ ስሕተት ነው።

ለአስተርጓሚ ይህ ከሁሉ የከበደው ቦታ ነው። ባለጉዳዩ «ወረቀት ላይ አስፈረሙኝ» ሲል በእንግሊዝኛ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል፤ «ጋት ሚ ቱ ሳይን» ተብሎ ከተተረጎመ ሰሚው አግባብተውት የፈረመ ይመስለዋል። ከዐውዱ ግልጽ ካልሆነ በራሳችሁ አትምረጡ። ቃሉ ከአንድ በላይ ፍቺ እንዳለው ለጠያቂው አሳውቃችሁ፣ እንዴት እንዳስፈረሙት ባለጉዳዩ እንዲያብራራ ፈቃድ ጠይቁ።

«ቱ» ወዲያው ሲከተል

«አይ ጋት ቱ ሲ ዘ ዳክተር የስተርዴይ» ትናንት ሐኪሙን ለማየት ቀናኝ። «አይ ዲድንት ጌት ቱ ኢት» ሳልበላ ቀረሁ፤ አልተመቸኝም። ዕድሉ መገኘቱን ወይም መታጣቱን ነው የሚናገረው። «አይቭ ጋት ቱ ጎ» ግን መሄድ አለብኝ ነው፤ ግዴታ። ሲፈጥኑ «ቭ»ዋ ትዋጥና ሁለቱ ይመሳሰላሉ። እንደ ትናንትና አምና ያለ ያለፈ ጊዜ የሚጠቁም ቃል ካለ ዕድል ነው፤ ከሌለ ብዙውን ጊዜ ግዴታ ነው።

ቦታና መጓጓዣ

«ጌት ቱ» ከቦታ ጋር መድረስ ነው፦ «ሃው ዱ አይ ጌት ቱ ዚ ኤርፖርት?» ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በምን ልሂድ? ሆም፣ ሂር እና ዜር ግን «ቱ» አይወዱም፤ «ጌት ሆም» ብቻ ነው። ተሽከርካሪ ላይ መለያው ቆማችሁ መራመድ መቻላችሁ ነው። አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ»፤ መኪናና ታክሲ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት»። ላያቸው ላይ የሚቀመጡባቸው ብስክሌት፣ ሞተርና ፈረስም ከ«ኦን» ጋር ናቸው። ዋሽንግተን አውቶቡስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ማለት ሲያምራችሁ ገመዱን ሳቡ ወይም ቁልፉን ተጫኑ፤ ሰው መንገድ ከዘጋባችሁ «ጌቲንግ ኦፍ!» ይበቃል።

ጭራ ቃሎቹ

ከእነዚህ ሁሉ ማስጠንቀቂያ የሚሻው «ጌት ኦቨር» ነው። ከጉንፋን ሲሆን መዳን፣ ከሐዘን ወይም ከፍቅር ሲሆን ከልብ መውጣት ነው። ለሐዘንተኛ ተጽናኚ ለማለት «ጌት ኦቨር ኢት» ማለት ግን «በቃ አሁንስ አበዛሽው» እንደማለት ያለ ብልግና ነው። እግዜር ያጽናሽ በሚባልበት ቦታ «አይ አም ሶ ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ይባላል።

«ጌት ባክ ቱ» አጣርቶ መልስ መስጠት ሲሆን «ጌት ባክ አት» ብድር መመለስ፣ መበቀል ነው፤ ለአለቃችሁ በምትጽፉት ኢሜይል ሁለቱን እንዳታቀያይሩ። «ጌት አፕ» ከአልጋ መነሣት ነው፤ መንቃት «ዌክ አፕ»። «ጌት ባይ» እንደምንም መኖር ነው፤ «ሃው አር ዩ?» ላለ ወዳጅ «ጌቲንግ ባይ» ማለት ለኛው «አለን እንዳለን» ይቀርባል። «ጌት አሎንግ» መስማማት፣ «ጌት ሪድ ኦፍ» መገላገል፣ «ጌት አዌይ ዊዝ» አጥፍቶ ሳይቀጡ መቅረት፣ «ጌት አራውንድ ቱ» ሲያሳድሩት የቆዩትን ሥራ ጊዜ አግኝቶ መሥራት። «ዋት አር ዩ ጌቲንግ አት?» ምን ለማለት ነው? የሚል፣ ትንሽ ቆጣ ያለ ጥያቄ ነው።

በስልክ ገጽ ላይም ይህች ቃል አለች። አፕል በ2014 እ.ኤ.አ. የነጻ መተግበሪያዎቹን ቁልፍ ከ«ፍሪ» ወደ «ጌት» ቀይሯል፤ ትርጉሙ አውርድ ነው። «ጌት ስታርትድ» የሚል ቁልፍ ጀምር ነው። ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቁት የኤችቲቲፒ (ድረ ገጾች በኢንተርኔት የሚላኩበት ደንብ) «ጌት» ደግሞ ይህን ገጽ አምጣልኝ የሚል ትእዛዝ ነው፤ በ1991 እ.ኤ.አ. የነበረው የመጀመሪያው ስሪት ከዚህ ሌላ ትእዛዝ አልነበረውም።

ሲነገር መስማት

የምታውቁትን ቃል ጆሯችሁ ካልያዘው ችግሩ «ቲ»ዋ ናት። አሜሪካዊ «ጌት» ብሎ በአናባቢ የሚጀምር ቃል ሲያስከትል «ቲ»ዋ «ዛሬ» ውስጥ እንዳለችው ላላ ያለች «ሬ» ትሆናለች፦ ጌት ኢት «ጌሪት»፣ ጌት አፕ «ጌራፕ»፣ ጌት አውት «ጌራውት»። «ጋት ቱ» ተጨምቆ «ጋረ» ይሆናል። ለእኛ ምላስ ድምፁ ቀላል ነው፤ «ር»ን ሳታጠብቁ ማለት ብቻ ነው። ተናባቢ ሲከተል ደግሞ «ቲ»ዋ ትታፈናለች፤ «ጌት ባክ» ውስጥ የምትሰሙት አጭር ዝምታ ብቻ ነው። ለልምምድ ጽሑፉ ከሥር የሚታይ የ10 ደቂቃ ቃለ ምልልስ ያዙ። ጽሑፉን ሸፍናችሁ «ጌት» በሰማችሁ ቁጥር አቁሙና ቀጥሎ የመጣውን ቃል ጻፉ፤ ከዚያ ገልጣችሁ አመሳክሩ። ያመለጧችሁ አብዛኞቹ «ሬ» የሆኑት ይሆናሉ።

ስትጽፉና ስትተረጉሙ

«ጌት» ስሕተት ባይሆንም የአፍ ቃል ነው። የሥራ ማመልከቻ ላይ ዲግሪና ምስክር ወረቀት «ሪሲቭድ» ወይም «ኧርንድ»፣ ፈቃድ «ኦብቴይንድ»፣ መሆን «ቢካም» ቢባል ይሻላል። ለጓደኛ በሚላክ መልእክት ግን «ኦብቴይን» መጻፍ ደብዳቤውን የፍርድ ቤት መጥሪያ ያስመስለዋል።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተረጎማችሁትን ጽሑፍ ከማስረከባችሁ በፊት በኮምፒዩተሩ ፍለጋ «አገኘ»ን፣ ከዚያም «ያገኛ» እና «ማግኘት»ን አውጡ። እያንዳንዱን ከእንግሊዝኛው ጋር ስታስተያዩ «ጌት» ላይ ካረፈ፣ በቦታው ደረሰው፣ ገዛ፣ ያዘው፣ ገባው ወይም ተቀበለ አስገብታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የተሻለ ከተሰማ ለውጡት። የማሽን ትርጉም ስታርሙ ፍለጋውን «አግኙ» በሚለውም ድገሙት፤ «ጌት ሬዲ» ተዘጋጁ መባል ሲገባው «ዝግጁ አግኙ» ሆኖ የሚወጣው እዚያ ነው።